ለችግኙ የሚበቃ ውሃ

ነሐሴ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ጢም ብለው ሞልተዋል፤ የፎገራ ሜዳ ከወረታ ግርጌ እስከ ጣና ዳር በሩዝ ልምላሜ ተሸፍኗል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆች ከአረም ሲመለሱ ትርፍ ጊዜ አላቸው። ወረታ ላይ፣ ከባሕር ዳር የሚመጣው አስፋልት ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር ከሚለያይበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የ71 ዓመት አዛውንት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ስልካቸው ላይ ዳማ ይጫወታሉ። ዕድሜያቸውን ሩዝ ሲያመርቱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። የልጅ ልጃቸው የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የዘጠኝ ዓመት ታናሽ ወንድሟን አቡሽን እጁን ይዛ፣ ፊቷን አጥቁራ ገባች። ልጁ ወደ ጓዳ ሾለከ፤ እሷ ከአያቷ ፊት ቆመች።

መምህርት፦ እንደምን ዋሉ አባባ? አቡሽን ከየት እንዳመጣሁት ያውቃሉ?

አያት፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጌም ቤት ነዋ፤ ፊቱ ይናገራል። በይ ቁጭ በይና ንገሪኝ።

መምህርት፦ አራት ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀዋል። አንዱ ጆይስቲኩን ይዞ ሰው ይገድላል፤ ሦስቱ «በለው! ጨርሰው!» እያሉ ይጮኻሉ። ትልቁ አሥራ ሁለት ዓመት አይሞላውም። እጄ ተንቀጠቀጠ። እቤት ስመጣ ደግሞ እርስዎ ስልክ ላይ አፍጥጠው አገኘሁዎት። ይህን ልጅ ምን ብዬ ልቆጣው? «አባባስ ይጫወቱ የለም ወይ?» ቢለኝ መልስ የለኝም።

አያት፦ ልጄ፣ ሁለት ነገር በአንድ ገመድ አስረሽ መጣሽ። አንዱ፣ ሽማግሌ ለምን ይጫወታል የሚል ነው። ሌላው፣ ሕፃን ምን ይጫወት የሚል ነው። እንፍታቸውና አንድ በአንድ እንያቸው።

መምህርት፦ እሺ፣ ከእርስዎ እንጀምር። ቅር እንዳይሰኙብኝ እንጂ ሰው ያወራል። «እኚያ ትልቅ ሰው ከስልክ ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ» ይላሉ።

አያት፦ ጠላ ቤት ብውል ማንም አይገረምም፤ ስልክ ላይ ዳማ ስጫወት ግን ጃጀ ይሉኛል። እስኪ ልጠይቅሽ። በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱትን ሽማግሎች በየዛፉ ጥላ ሥር አላየሽም? ማን ነውር አላቸው? እኔ አብሬያቸው የምጫወታቸውን ሁለት ባልንጀሮቼን ቀብሬያለሁ። ጉልበቴ በክረምት ጭቃ አያስወጣኝም። ስልኩ ሰው አይተካም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ሦስት ጠጠር አስቀድሜ እንዳስብ ያስገድደኛል። ያሰብኩት ሲሳካ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።

መምህርት፦ እውነቱን ለመናገር ትልቅ ሰው መጫወቱ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የሰንጠረዥን ነገር ያነበብኩ ጊዜ ገርሞኝ ነበር። የመኳንንቱ ጨዋታ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳጅ እንደነበሩ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። የእኛው ሰንጠረዥ ደግሞ ከውጭው ቼዝ የሚለይበት አንድ ደንብ ነበረው። መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠበቅም። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈጠናቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህን ክፍል «ወረራ» ይሉታል። ዙሪያውን የከበበው ተመልካችም ምክር እየሰጠ አብሮ ይጫወታል።

አያት፦ ይኸውልሽ! ገበጣስ?

መምህርት፦ ገበጣማ ከዚያም ይርቃል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያለውን የገበጣ አጨዋወት አንድ በአንድ ለቅመው ከመቶ በላይ ዓይነት መዝግበዋል። እረኛው መሬት ቆፍሮ ይጫወተዋል፤ ባላባቱ በተጠረበ እንጨት።

አያት፦ እኔ በጠጠር ነው የተማርኩት፤ ከብት እየጠበቅሁ። የፎገራ ከብት በስሙ የታወቀ ነው፤ ያኔ ሜዳው የግጦሽ ነበር። አያቴ ከእኔ ጋር ሲጫወት ሆን ብሎ እንዲሸነፍልኝ የጠበቅሁበት ጊዜ አልነበረም። ያሸንፈኛል፤ ቀጥሎም የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ያሳየኛል።

መምህርት፦ በውጭ አገርም እንደ እርስዎ ያሉ አሉ። ሀማኮ ሞሪ የሚባሉ ጃፓናዊት እ.ኤ.አ. በ1930 የተወለዱ ናቸው። ጌም የጀመሩት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በ2020፣ በ90 ዓመታቸው፣ ሲጫወቱ እየቀረጹ በዩቲዩብ ከሚያሳዩት ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ተብለው በጊነስ መዝገብ ገብተዋል።

አያት፦ ዘጠና! እኔማ ጎረምሳ ነኛ።

መምህርት፦ ጥናትም ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ አዳም ጋዛሊና ባልደረቦቹ ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች አንድ የመኪና መንዳት ጌም አስለመዷቸው። እየነዱ በመሐል ብቅ ለሚሉ ምልክቶች መልስ መስጠት ነው ሥራው። ከአንድ ወር ልምምድ በኋላ፣ ጌሙን ካልተለማመዱ የ20 ዓመት ወጣቶች በልጠው ተገኙ። የመጣው ለውጥ ከስድስት ወር በኋላም አልጠፋም። ግን አባባ፣ ይህን ሰምተው ጌም መድኃኒት ነው እንዳይሉ። ሌሎች ሊቃውንት በአንድ ጨዋታ መጎበዝ ሌላውን የአእምሮ ሥራ ሁሉ ያሻሽላል ማለት አይደለም ብለው አስጠንቅቀዋል።

አያት፦ መድኃኒት ነው አላልኩም። መድኃኒትማ እግርን ማንቀሳቀስና ከሰው መጨዋወት ነው። እኔ የምለው፣ ሽማግሌ ሲጫወት ጊዜው አልፎበታል አይባልም ነው። የእኔ ነገር በዚህ ይለቅ። አሁን ወደ አቡሽ እንምጣ፤ እሱ ይብሳል።

መምህርት፦ ይብሳል። እኔን የሚያበሳጨኝ «ጨዋታ ነው፤ ምን አለበት» የሚለው ንግግር ነው። ጨዋታ ሁሉ አንድ ነው እንዴ?

አያት፦ ስለ ሩዝ ልንገርሽ፤ ከዚያ ያንቺን ትነግሪኛለሽ። ሩዝ እዚህ አገር በደርግ ጊዜ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሲጀመር እኔ ወጣት ነበርኩ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ብዙ ሰው ተጠራጠረ፤ አዘራሩንም አበሳሰሉንም አናውቅም ነበር። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራችን ሆኗል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ወረታ ተተክሏል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሩዝ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ሩዝ ውሃ ይወዳል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ገና በበቀለ ሰሞን ውሃ ጫፉን ዋጥ አድርጎ ከሰነበተበት ታፍኖ ይበሰብሳል። ቁመቱ ከውሃው ሲያልፍ ደግሞ ያው ውሃ አረሙን ይደፍቅለታል፤ ሩዙን ያሳድገዋል። ውሃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሩዙ ነው።

መምህርት፦ እኔ ግማሽ ሰዓት ባወራ እንዲህ አልገልጸውም። ጌም የሚሠሩትም ይህንኑ አስበው ነው የዕድሜ ምልክት የሚለጥፉት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ጀመረች፤ ደም የሚረጭባቸው የድብድብ ጌሞች ወላጆችን አስቆጥተው ጉዳዩ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፊት ከቀረበ በኋላ ነው። የአውሮፓው በ2003 ተከተለ። የአውሮፓው አምስት ቁጥር አለው፦ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18። ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ቁጥሩ ጨዋታው ከባድ ነው ወይስ ቀላል አይልም። በውስጡ ምን እንደሚታይ ነው የሚናገረው፤ ደም፣ ስድብ፣ ቁማር፣ ራቁት ገላ፣ የሚያስደነግጥ ነገር። ቼዝ ከባድ ነው፤ ለትንሽ ልጅ የሚከለከል ነገር ግን የለበትም። ጂቲኤ የሚሉትን የወንጀል ጌም መጫወት ለአቡሽ ቀላል ነው፤ የተለጠፈበት ቁጥር ግን 18 ነው። የተኩሱ ጌም፣ ፐብጂ የሚሉት፣ 16 ነው። የኳስ ጌሙ፣ ፊፋ የሚሉት፣ 3 ነው።

አያት፦ ታዲያ ቁጥሩ ካለ የጌም ቤቱ ባለቤት አያየውም?

መምህርት፦ ቁጥሩ የሚታተመው ሽፋኑ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ጌሙ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ነው የሚመጣው፤ ሽፋኑ የለም። ልጁ ያለ ስም የመጣ ነገር ፊት ይቀመጣል። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ራሱ ወጣት ነው፤ እንጀራውን ነው የሚፈልገው። በእሱ ላይ ብቻ መፍረድ አልፈልግም። ግን ሌላም ነገር አይቻለሁ፤ «ተሸናፊ ከፋይ» የሚሉት። ሁለት ልጆች ኳስ ይጋጠማሉ፣ የተሸነፈው የሁለቱንም ሒሳብ ይከፍላል። ኳሱ ራሱ 3 የተባለ ንጹሕ ጨዋታ ነው፤ ሒሳቡ ግን ቁማርን ያስተምራል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዕዳውን ለመክፈል ከእናቱ መቀነት ሳንቲም ይፈታል።

አያት፦ ይህን አላውቅም ነበር።

መምህርት፦ ሌላም የሚከብደኝ አለ። ሌላ አገር ያለ ልጅ የተኩስ ጌም ሲጫወት ተኩስ ለእሱ ከስልኩ የማያልፍ ነገር ነው። የእኛ ልጆች ግን የእውነቱን ሰምተዋል። ክፍል ውስጥ በር በኃይል ሲዘጋ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ተማሪ አለኝ። ይኸው ልጅ ከትምህርት ሲወጣ መሣሪያ የሚያንጣጣ ጌም ፊት ይቀመጣል። ጌሙ ነው ያመጣበት አልልም፤ ቁስሉ ላይ ግን ለምን እንነካካዋለን?

አዛውንቱ ስልኩን አጥፍተው ጎናቸው አኖሩት። ጥቂት ዝም አሉ።

አያት፦ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ባለፈው ሳምንት፣ ያ ዝናብ የዘነበ ዕለት፣ አቡሽ ሰለቸኝ እያለ አስቸገረኝ። ስልኩን ሰጠሁት። ዝም አለ፤ ዝም በማለቱም ደስ አለኝ፤ ገብቼ ተኛሁ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ምን ሲጫወት እንደዋለ አላየሁም፤ ድምፁን ግን ሰምቼዋለሁ። ያው ተኩስ ነው። ሌሊት ጮኾ ነቃ። «መጡ፣ መጡ» ይል ነበር። እናትሽ ቅዠት ነው ብላ አማትባ አስተኛችው። እኔ ከምን እንደመጣ ጠርጥሬ ነበር፤ አልተናገርኩም።

መምህርት፦ አባባ! ለምን አልነገሩኝም?

አያት፦ አፈርኩ። እስከ ዛሬም ነገሩን ሳመላልሰው ከረምኩ። አያቴ ገበጣ ሲያስተምረኝ ጠጠሩን ሰጥቶኝ አልሄደም። ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ሳጭበረብር ያየኛል። ተሸንፌ ሳለቅስ «ነገ ደግሞ አለ» ይለኛል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ «በቃ፣ ከብቶቹን እናግባ» ይላል። ያ ጨዋታ የሽፋን ቁጥር አልነበረውም፤ ቁጥሩ አያቴ ነበር። እኔ ግን ለአቡሽ ስልኩን ሰጥቼ ሄድኩ። ጥፋቴ ስልክ መስጠቴ አይደለም፤ መሄዴ ነው።

መምህርት፦ እኔም ልናዘዝ። ዛሬ ከጌም ቤት ጎትቼ አመጣሁት እንጂ፣ ምን እንደሚጫወት፣ ምኑን እንደሚወደው አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። አስተማሪ ሆኜ!

አያት፦ ታዲያ ሊቃውንቱ ምን ይላሉ? ስንት ሰዓት ይበቃዋል?

መምህርት፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሕፃናት መመሪያ አውጥቷል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስልክና ቴሌቪዥን ጨርሶ ባይሰጠው ይላል፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር ይመረጣል ይላል። አቡሽ ከዚያ አልፏል። ለእሱ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ምን እየቀረበት እንደሆነ ማየት ይሻላል፦ እንቅልፉ፣ ጥናቱ፣ ሩጫው፣ ከጓደኛ ጋር መዋሉ። ያው ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራበታል። ግን ጌም የወደደ ልጅ ሁሉ ታሟል አላለም። ምልክቱ ሦስት ነው። ማቆም ሲያቅተው፣ ጌሙን ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ሲያስቀድም፣ እየጎዳው እንኳ ሲቀጥል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው።

አያት፦ እንግዲያው አቡሽ አልታመመም።

መምህርት፦ አልታመመም። ሰው ነው ያጣው።

አያት፦ ከልክለነው ይቅር እንዴ?

መምህርት፦ ከከለከልነው ተደብቆ ይሄዳል። የማስበው እንዲህ ነው። ስልኩ ላይ ፕሌይ ስቶር የሚባለው፣ ጌም የሚወርድበት፣ የእያንዳንዱን ጌም የዕድሜ ቁጥር ያሳያል። ማስተካከያው ውስጥ የወላጅ ቁጥጥር የሚል አለ። እርስዎ በሚያውቁት ምስጢር ቁጥር ከ7 በላይ የሆነ ጌም እንዳይወርድ መዝጋት ይቻላል። ይህን ዛሬ አስተካክልልዎታለሁ። ግን ይህ አጥር ብቻ ነው፤ አጥር ልጅ አያሳድግም። ስለዚህ ምን ይጫወት የሚለውን አብረን እንምረጥለት። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሚባለው የወጣቶች ድርጅት «ኩኩሉ» የሚል ጌም ሠርቷል። ሮጣ የምታመልጥ ዶሮ ናት፤ መሮጥና መዝለል ነው። ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተውታል።

አያት፦ ገበጣ በስልክ? የእኛው ገበጣ?

መምህርት፦ የእኛው። አቡሽ ስልኩን ያውቀዋል፤ እርስዎ ገበጣውን ያውቁታል። እስካሁን በዚህ ቤት ልጁ ብቻውን ሲጫወት፣ እርስዎም ብቻዎን ሲጫወቱ ከርማችኋል። ያውም በአንድ ስልክ!

አያት፦ እውነትሽን ነው። «አባባስ ይጫወቱ የለም ወይ?» የሚለው እኮ ክስ አይደለም፤ ግብዣ ነው። የማይጫወት ሰው ስለ ጨዋታ ሲቆጣ ልጅ አይሰማውም፤ «አያውቀውም» ይላል። እኔ ግን ተሸንፎ ማቆም እንዴት እንደሚከብድ አውቀዋለሁ፤ «አንድ ዙር ብቻ» እያልኩ እራቴ ሲቀዘቅዝ አይቻለሁ። ስለዚህ ለእሱ የምነግረውን መጀመሪያ እኔ ላድርገው። እራት ሲቀርብ ስልኩ ይቀመጥ፤ እኔም እሱም አንንካው። አቡሽ! ና እስኪ።

ልጁ ከጓዳው በር ብቅ አለ። ቁጣ ነበር የጠበቀው።

አያት፦ ጌም ቤት የምትጫወተውን አስረዳኝ። ምኑ ነው ደስ የሚለው?

አቡሽ፦ አይቆጡኝም?

አያት፦ አልቆጣህም።

አቡሽ፦ መግደሉ አይደለም አባባ። አራት ሆነን አንድ ቡድን ነን። አንዱ ሲመታ ሌሎቻችን ሄደን እናነሳዋለን። እሱ ነው ደስ የሚለው።

መምህርት፦ ጓደኛ ማንሳት ነው የሚወደው። እኔ ደሙን ብቻ ነበር ያየሁት።

አያት፦ ጓደኛ ማንሳትን መውደድህ ጥሩ ነው። ደሙ ግን ላንተ ገና ነው፤ ሌሊት ይከተልሃል። ይህን አንተም ታውቃለህ። እስክታድግ ድረስ ጓደኞችህን ሰብስበህ ወደዚህ በረንዳ አምጣቸው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በገበጣ እኔን ግጠሙኝ፤ በስልኩም፣ በጠጠሩም። አልሸነፍላችሁም፤ በየት በኩል እንዳሸነፍኳችሁ ግን አሳያችኋለሁ።

አቡሽ፦ የስልኩን እኔ አሳይዎታለሁ።

አያት፦ አሳየኝ። ይኸው፣ ቦታ ለቀቅሁልህ፤ ከጎኔ ተቀመጥ።

መምህርት፦ እኔ ደግሞ ነገ ወደ ጌም ቤቱ እመለሳለሁ፤ ለመጣላት አይደለም። ጌሞቹን በዕድሜ ለይተን አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ እንለጥፍ ብዬ ባለቤቱን እለምነዋለሁ። ትንንሾቹ ኳስና መኪና ይጫወቱ፤ ተኩሱ ለትልልቆቹ፣ ትንንሾቹ በሌሉበት ሰዓት ይሁን። «ተሸናፊ ከፋይ» ደግሞ ይቅር። እሱም ነገ ልጅ ይወልዳል፤ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አያት፦ ሂጂ ልጄ። እኔም ለዕድሩ ሽማግሎች እነግራቸዋለሁ። በየቤቱ እንደ እኔ ጉልበቱን ታሞ የተቀመጠ ሽማግሌ አለ፤ በየቤቱም እንደ አቡሽ ጥግ ይዞ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ልጅ አለ። ሁለቱን ማገናኘት ብር አይጠይቅም።

እኛም ይህን ለአንባቢ አደራ እንላለን። የጌም ሽፋን ላይ ያለው ቁጥር ጠቃሚ ነው፤ ፈልገው ያንብቡት። የስልኩን ቁጥጥር ያስተካክሉ። ከዚያ ግን አጥሩን አጥሬያለሁ ብለው አይሂዱ። ጎርፉ ስንት ክንድ እንደደረሰና ችግኙ ስንት ክንድ እንዳደገ የሚያውቀው ማሳው ውስጥ የቆመ ገበሬ ነው። ዛሬ ማታ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ስልክ ይዞ ጥግ ላይ ከተቀመጠ፣ ከጎኑ ይቀመጡና «ምን እየተጫወትክ ነው? እስኪ እኔንም አስተምረኝ» ይበሉት።